ሰግተሻል ወይ?

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከገዛ ባሌ አፍ ነው፤ የተነገረው ግን ለኔ አልነበረም። ጠዋት ከአህያ ጋሪው ውሃ ገዝቼ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ወደ ግቢያችን ስገባ ባሌ ጋረደው ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ "አንክሸስ" ይላል። "አንክሸስ" ትላለች ኮከብ። ኮከብ ታናሽ እኅቴ ናት፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት ጠላ ሸጬ ለእሷ ደብተር ልገዛ ነው፤ ይኼን እሷም ታውቃለች፣ አውርተነው ግን አናውቅም። ጀሪካኑን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና ከሣር አጥሩ ጀርባ ጆሮዬን ጣልኩ። ሰው በገዛ ቤቱ ሲሰርቅ እንደዚህ ነው።

"ፈሪ ማለት አይደለም" አላት ባሌ፣ መተማ ላይ አምስተኛ ክፍል ሲያስተምርበት በነበረው ድምፁ። "ፈሪ ያየውን ነው የሚፈራ። ይሄ ያላየውን ነው፤ የሰጋ እንደማለት። ልጇን ትኩሳት የያዘባት እናት፣ ነገ ምን ይዞባት እንደሚመጣ ሳታውቅ ቁጭ ስትል፣ እሷ አንክሸስ ናት። ለሰውዬው ይባላል፣ ለፊቱም ይባላል፣ ለድምፁም ይባላል። ከስሙ ፊት ብታስገቢው ይገባል፣ ከኋላ ብታመጪውም ይገባል። በይ፣ ምሳሌ ስጪኝ።"

ኮከብ እርሳሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ አሰበችና "በላይነሽ ኢዝ አንክሸስ" አለች። ሁለቱም ሳቁ።

በላይነሽ እኔ ነኝ። ስሜን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልገኝም፤ ሳቅም በየትኛውም አገር ሳቅ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ድንበር ተሻግረን ገዳሪፍ ከገባን በወሩ፣ "እኔንም እኮ ብታስተምረኝ" ብዬው ነበር። "አንቺ ደግሞ፣ ሰሊጥሽን አብጥሪ" አለኝና ወደ ሬዲዮኑ ዞረ። እውነቱን ነው፤ ሰሊጤን አበጥራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ በነጋዴው በሙዘይን መጋዘን ከሠላሳ ሴት ጋር ተደርድሬ ወንፊት ስነቀንቅ እውላለሁ፤ ማታ ከፀጉሬ የሚራገፈው አቧራ ብቻውን አንድ እፍኝ ይሆናል። እሱም እሷም የሚበሉት ዱራ፣ ማሽላው፣ ከዚያ ወንፊት የወጣ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ እዚህም ከድቶ የዱራ ዋጋ ካምናው ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ከኛ አገር የሚመጣው ረሀብተኛ ደግሞ በየቀኑ ድንበሩን ያጥለቀልቀዋል። እንዲያም ሆኖ ለእኔ አንድ ቃል ያልተረፈው ባሌ ለእሷ ሲሆን በጠዋት ተነሥቶ ይፈታል፣ ይተነትናል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

ክፍላችን አንዲት ናት። ሁለት አንገሬብ ትይዛለች፤ በአልጋዎቹ መካከል የኔ ጋቢ በገመድ ተሰቅሎ መጋረጃ ሆኗል። በዚያ በኩል ኮከብ ስትገላበጥ ጠፍሩ ሲጢጥ ይላል፤ በዚህ በኩል እኔ የባሌን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፣ ነቅቷል ወይስ ተኝቷል ብዬ። አንድም ቀን ነውር አላየሁም። ቢሆንም አልተኛም። ነውር ባይ ይሻለኝ ነበር፤ ነውርን ሰው ሰብስበው ይናገሩታል። ባሌ ለእኅቴ እንግሊዝኛ አስተማረብኝ ብዬ ለየትኛው ሽማግሌ ልንገር?

የዚያን ቀን የኮከብ ፈተና ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መጠለያ ልጆች የሚመግቡ ፈረንጆች ሴት አስተርጓሚ ፈልገዋል። ጋረደው ራሱ ሞክሮ ነበር፤ እናቶቹ ወንድ ፊት ልጃቸውን አንገልጥም፣ ስለ ጡታችንም አናወራም ብለው መለሱት። ደመወዙ መቶ ጊኒ ነው ሲባል ከሴት ወገን ማን እንደሚላክ አንድ ቀን እንኳ አልመከርንም። ጋረደው ኮከብ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች አለ፤ አለቀ። ስትወጣ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ አሰረላት። ሰርጋችን ዕለት አባቴ ያሰረለት ሰዓት ነው። አንጓዋ ቀጭን ስለሆነ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳለት፣ ማሰሪያውን እያጠበቀ "አሳመመሽ?" ሲላት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር።

"እኔም አብሬያት እሄዳለሁ" አልኩ።

"እዚያ ምን ልትሠሪ? ሙዘይን የቀን ሒሳብሽን ይቆርጥብሻል።"

"ይቁረጠዋ። ልጃገረድ ብቻዋን ሎሪ ላይ አትሳፈርም።"

እውነቱን ልናገር፤ ለእሷ ተጨንቄ አልነበረም። ስትወድቅ ላያት ፈልጌ ነው።

ሎሪው ላይ ከጆንያ ላይ ተቀምጠን አልተነጋገርንም። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃላቶቿን ትቆጥራለች፤ እኔ ሰዓቱን አያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ "እታለም፣ ልቤ ደነገጠ እኮ" አለችኝ። "አይዞሽ" አልኳት። አፌ ነው ያላት። ሲነጋ የነበረው የጥር ብርድ ከመጠለያው ስንደርስ ወደ ሐሩር ተለውጦ፣ ሰዉ በየቁጥቋጦው ሥር በጨርቅ ጥላ ሠርቶ ተኮልኩሏል። ከበለሳ የመጣ አለ፣ ከዋግ የመጣ አለ፣ ትግርኛ የሚያወራ አለ። ሳል እንጂ ጫጫታ የለም። ይህን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ልጆች አይንጫጩም።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ፊቷ በፀሐይ ተልጧል፣ ዐይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ኮከብን አጠገቧ ሣጥን ላይ አስቀመጠቻት፤ ፈተናው ይኸው ሥራው ራሱ ሆነ። እኔን ማንም ግቢ ያለኝ ማንም ውጪ ያለኝ የለም፤ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ የተደፋ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላ ሌላ ድንኳን አለ፤ የባሰባቸው ልጆች ከነእናታቸው ቀንም ሌሊትም የሚሰነብቱበት፣ ሐኪም ከራስጌያቸው የማይጠፋበት። በዚያ ጠዋት የቀረው የስድስት ልጅ ቦታ ነበር። ነርሷ የልጁን ክንድ ቀለም ባለው ጥብጣብ ትለካለች፣ በከረጢት አንጠልጥላ ትመዝናለች፣ ከዚያ እናትየዋን ትጠይቃለች። ኮከብ አንገቷን መለስ አድርጋ፣ እንዳውቅላት ብላ፣ "እናት ከሚዛን ቀድማ ታውቃለች ነው የምትል። ሚዛኑ ካጠራጠራት እናቲቱ ከሰጋች ልጁን ታስገባዋለች" አለችኝ። ደግሞም ያንኑ ቃል ጣለችልኝ፤ "አንክሸስ" አለች፣ ፈገግ ብላ።

መጀመሪያ የቀረበችው የአርማጭሆ ሴት ናት። ልጇ ብስኩት ይዞ ያላምጣል። ክንዱ ቢጫው ላይ ዋለ፤ እንደ ቀዩ የከሳ፣ እንደ አረንጓዴው ደኅና አይደለም። "ሰግተሻል ወይ?" አለቻት ኮከብ። "ኧረ አለቀብኝ በይልኝ! ምኑን ልጅ ሆነ ይሄ፣ አጥንት ነው እንጂ! ዛሬን አይውልልኝም!" ብላ ደረቷን ደቃች። ኮከብ "ቬሪ አንክሸስ" አለች። ገባ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም ከሁለቱ ሰምታ ጮኸች። እኔ በልቤ ሳቅኩ። በኛ አገር እናት ልጇ ደኅና ሲሆን ነው እንዲህ የምታጣጥለው፤ ሰው ዐይን እንዳይገባበት፣ ቡዳ እንዳይቀናበት። የወፈረውን ከሳ፣ የበላውን አልበላ አለኝ ትላለች። ልጇ የእውነት ሲደክምባት ግን አፏን ትዘጋለች። ክፉውን በስሙ መጥራት መጋበዝ ነው። እኔ ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ፤ ለሁለቱም እስከ መጨረሻዋ ቀን "እንዴት ናቸው?" ሲሉኝ "ደኅና ናቸው" ነበር መልሴ። ኮከብ ይህን ከየት ታውቀዋለች? አልወለደች፤ ጋረደውም ደብተር ላይ አልጻፈላት።

ከዚያ ማሬ ቀረበች። ስሟን ለነርሷ ስታስጽፍ ሰማሁ፤ ከበለሳ ናት፣ ዕድሜዋ ከኔ ያንሳል። ሁለት ዓመት የምትሆን ልጇን በነጠላ ጥቅልል አድርጋ ፊቷን ሸፍናታለች። ነርሷ ልትገልጣት እጇን ስትሰድ ማሬ ወደ ሰልፉ አየችና ነጠላውን አጠበቀች፤ ያ ሁሉ የራበው ዐይን ልጇ ላይ እንዲያርፍ አልፈለገችም። ክንዷን ብቻ አወጣችላት። ክንዱ ድንቡሽ ያለ ነው፤ ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ዋለ። ሚዛኑም ደኅና አነሣ። ነርሷ ሰልፉን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ለኮከብ አንድ ነገር አለቻት።

"ልጅሽ እንዴት ናት? ሰግተሻል ወይ?"

"ኧረ ተመስገን" አለች ማሬ፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ። "ደኅና ናት። ምን ያሰጋኛል፣ ተኝታ ነው እንጂ።"

ኮከብ ወደ ነርሷ ዞረችና፣ ቀጥ ባለ አንገት፣ "ኖ። ሺ ኢዝ ኖት አንክሸስ" አለች።

እኔ ያኔውኑ አወቅኩ። ያ ድንቡሽነት እብጠት ነው፤ የረሀብ እብጠት። የማሬ ጣቶች የነጠላውን ጫፍ ሲቋጥሩ ሲፈቱ አያለሁ። ብድግ ብዬ "አይደለም፣ ስሚ፣ ዋሽታ ነው" ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር እንኳ። ግን ኮከብ እጇን አንሥታ ያንን ሰዓት አየች፤ ነርሷ ስታደርግ እንዳየችው፣ እንደ ባለሥልጣን። ያን ጊዜ ልቤ ጨለመ። ትሳሳት፣ አልኩ። ይድረሱባትና ያባርሯት። ማታ አንገቷን ደፍታ ትግባ፣ ባሌም ያስተማረውን ቃል ይዞ ይቀመጥ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። አፌን መልሼ ገጠምኩት። ማሬ የዱራ መቀበያ ካርድ ተሰጥቷት በሳምንቱ ተመለሺ ተባለችና ልጇን አቅፋ ከድንኳኑ ወጣች። አራት ሰዓት ገደማ ነበር።

ማንም አልደረሰባትም። ሰልፉ እንደቀጠለ ስድስቱም ቦታ ሞላ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነርሷ የኮከብን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ነገ ጀምሪ አለቻት። ከሻይ ሻጯ ዳስ ሥር ተቀመጥን። ኮከብ ሻይዋን ሳትቀምስ "ጋሼ ምን ይል ይሆን?" አለች። ከሁሉ በፊት ያነሣችው የባሌን ስም ነው። "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ሻዩ እንደ እሬት መረረኝ። ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ያን ጠዋት ያስተረጎመችውን አንድ በአንድ ትተርክልኝ ጀመር፤ ያቺ የበለሳዋ ልጅ እንዴት ደስ ትላለች፣ ወፍራም፣ አለች። ዝም አልኩ። ሎሪው የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሷ ነርሷ የሰጠቻትን የሥራ ወረቀት እያገላበጠች ስታነብ፣ እኔ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም ሆነ።

ማሬ ከውሃው ቧንቧ ማዶ ተቀምጣ ኖሯል። ዕደላውን ተቀብላለች፤ ስልቻው አጠገቧ ወድቆ፣ አፉ ተፈትቶ፣ ዱራው መሬት ላይ ፈስሷል። ሌሎች ሴቶች ቀስ ብለው እየቀረቡ ይለቅማሉ። እሷ አትለቅምም፣ አትከለክልም። ከበለሳ ድረስ በእግሯ ለእህል የመጣች ሴት የገዛ እህሏ ሲበተን እያየች እጇን አልዘረጋችም። ያን ሳይ የሻዩን ብርጭቆ ጥዬ ሮጥኩ።

"እንደምን ዋልሽ፣ እኅቴ።"

"ተመስገን።"

ልጅሽ እንዴት ናት አላልኳትም። አጠገቧ ተቀመጥኩና "እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ" አልኳት። "አንዱ በኩፍኝ፣ አንዷ በተቅማጥ።"

ዝቅ ባለ ድምፅ "ጡት መያዝ ከተወች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ" አለችኝ። "ከትናንት ወዲህ አላለቀሰችም። ብታለቅስልኝ ምን ነበር።" ነጠላውን ገለጥ አደረገችልኝ። ያየሁትን አልናገርም።

ልጅቷን ከእቅፏ ወስጄ፣ ማሬን በእጇ እየጎተትኩ፣ ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። ኮከብ ተከትላኝ ኖሮ "እታለም! ምን ሆነሽ ነው፣ ታዋርጅኛለሽ እኮ!" ትላለች።

"ንገሪያት! ሦስት ቀን ጡት አልያዘችም በያት። አላለቀሰችም በያት።"

"ደኅና ናት አላለችም? ራሷ አይደለችም ያለችኝ?"

"ደኅና ናት ያለችሽ ደኅና ስላልሆነች ነው! ይሄን የሚያስተምር ደብተር የለም።"

ኮከብ ፊቷ አመድ መሰለ። እዚያ ላይ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ሴትዮዋ አሁን ነው የባሰባት ብትል ማን ያውቅባታል። እሷ ግን ለነርሷ ስትናገር "ማይ ሚስቴክ፣ ማይ ሚስቴክ" እያለች ደረቷን ነካች፤ ያን ያህሉን እኔም ሰማሁት። ነርሷ ነጠላውን ገፈፈችው። የልጅቷን እግር በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ሮጡ። ቦታ የለም በተባለበት ድንኳን ቦታ ተገኘላት፤ ያን የብስኩት ልጅ አስነሥተው እሷን አስተኟት። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ሲያስገቡላት ማሬ ከራስጌዋ ቆማ፣ አሁንም ድምፅ የላትም። ነርሷ ስትወጣ እጄን ያዘችና ለኮከብ አንድ ነገር ተናገረች። ከእንግዲህ ሰግተሻል ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ መቼ ጠባች፣ መቼ አለቀሰች ብለሽ ጠይቂ አለችኝ፣ አለች ኮከብ። ሥራውን አልከለከለቻትም። ለኔም አልሰጠችኝም፤ ቋንቋ የለኝማ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጋረደው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ዐይኑ መጀመሪያ ያረፈው እሷ ላይ ነው። "አለፍሽ?" አላት። ኮከብ ግን "ቆይ ጋሼ" ብላ እኔን በክንዴ ስባ ወደፊት አወጣችኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፣ የራሷን ስሕተት አንድም ሳትደብቅ። "እታለም ባትኖር ያቺ ልጅ ሜዳ ላይ ነበር የምትቀር" አለች። ባሌ ዘወር ብሎ አየኝ። ገዳሪፍ ከገባን ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አስተማሪ ጎበዝ ተማሪውን የሚያየውን አስተያየት ነው ያየኝ፣ እኔ ስንት ጠዋት ከአጥር ጀርባ ቆሜ የተመኘሁትን።

"መቼ አወቅሽ?" አለኝ።

ከእንጨት የተሠራው በራችን ላይ ተደገፍኩ። ሁለቱም መልሴን ይጠብቃሉ።

"ኋላ ነው" አልኩት። "ውጭ ሳገኛት።"

"ጎበዝ" አለ። የሚቀመጥበትን በርጩማ ለኔ ሰጠኝ፤ የዚያን ማታ ሻይ ያፈላው እሱ ነው። ጠጣሁት።

በማግሥቱ ኮከብ ከሥራ ስትመለስ እኔ ፀጉሬን እያራገፍኩ ነበር። ሰዓቱን ፈትታ በመዳፏ ይዛዋለች። ልጅቷ ማለዳ አረፈች አለችኝ። ነርሷ የመጀመሪያውን ሰልፍ ስትጀምር እጇን እየታጠበች "ትናንት ጠዋቱን ብትገባ ትተርፍ ነበር" ብላ ነበር፤ ለማንም እንድታስተረጉመው አልነገረቻትም። ኮከብ እግሬ ሥር ተቀምጣ ጭኔ ላይ ተደፋች፣ ሕፃን ሳለች እንደምታደርገው። "እኔ ነኝ የገደልኳት እታለም፣ እኔ ነኝ" ትላለች። ጋረደው ከራኩባው ሥር ሆኖ ያየናል፤ ሊቀርብ አልደፈረም።

እጄን ራሷ ላይ አደረግኩ። የሰሊጥ አቧራ ፀጉሯ ላይ ይረግፋል።

"ዝም በይ" አልኳት። "አንቺ ምን ጥፋት አለብሽ? አላወቅሽም።"